ሆ ብሎ መነሣትና ነቅቶ መጠበቅ

"ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ" ይላል የአገራችን ሰው። በዚህች ከእጅ ወደ እጅ በምትዞር ጽሑፋችን ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይም ከሥሩ ካልተያዘ የሚጨበጥ አይደለም። ጉዳዩ ዴሞክራሲ ነው። ዴሞክራሲ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን የድምፅ መስጫው ሣጥን፣ የምክር ቤቱ አዳራሽ፣ አዲሱ መሪና የገባው ቃል ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ይዘነጋል፤ ይኸውም ተራው ዜጋ ነው። ሣጥኑን የሚሞላው፣ አዳራሹን የሚያስከብረው ወይም የሚያስደፍረው፣ መሪውን ቃሉን የሚያስጠብቀው ወይም የሚያስረሳው ግን እሱ ነው።

ከመካከላችን "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ" የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በከንቱም አይሉም፤ ከአገር የወጣነውና ዘመድ የቀበርነው ከዚሁ ጉዳይ የተነሣ ነውና። ነገር ግን ከኮረንቲ የሸሸ ሰው ከአደጋው ቢድንም ብርሃን አያገኝም። ከፖለቲካ የሸሸ ሰው ደግሞ ብርሃኑንም አላገኘ፣ ከአደጋውም አልዳነ። በስደት ካምፕ ውስጥ አንድም ቀን ሰልፍ ወጥቶ የማያውቅ፣ የማንም ፓርቲ አባል ያልነበረ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ብቻ ያውቅ የነበረ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ፖለቲካን በሩቁ ብሎ ነበር፤ ፖለቲካ ግን ቤቱ ድረስ መጣበት።

እንግዲህ ጥያቄው መግባት ወይስ መራቅ የሚል አይደለም። ጥያቄው ዜጋ የሆነ ሰው እንዴት ሆኖ ይግባ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ያስጠጋችን አገር ዋና ከተማ የካርቱም ታሪክ ይበቃናል። የካርቱም ሕዝብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ወታደራዊ ገዥዎችን ከሥልጣን አውርዷል፤ ጄኔራል ኢብራሂም አቡድን በ1964፣ ጃዕፈር ኒሜሪን በ1985፣ ዑመር አል-በሺርን በ2019። በአፍሪካ ይህን ያህል ጊዜ ባዶ እጁን ተነሥቶ ጠመንጃ የያዘውን ያስለቀቀ ሕዝብ ጥቂት ነው። ሆኖም በእያንዳንዱ ድል ያገኘው ነፃነት አምስት ዓመት እንኳ ሞልቶት አያውቅም። ለምን? ሕዝቡ ጀግንነት አንሶት ነው እንዳንል ደሙ ይመሰክርብናል። መልሱን ለማግኘት የመጀመሪያውን ድል፣ ሱዳኖች "የኦክቶበር አብዮት" የሚሉትን፣ ከነቅድመ ታሪኩና ከነፍጻሜው መመርመር ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የሱዳኑ ዘመን በአውሮፓውያን፣ የኢትዮጵያው በራሳችን አቆጣጠር ተጽፏል።)

ኦክቶበር ከሰማይ አልወረደም። አስቀድሞ የዜግነት ትምህርት ቤቶች ነበሩት። የመጀመሪያው በ1938 በኦምዱርማን የተቋቋመው የምሩቃን ጠቅላላ ጉባኤ ነው። አባሎቹ አብዛኞቹ ከጎርደን ኮሌጅ የወጡ፣ በእንግሊዞች አስተዳደር ውስጥ በጸሐፊነት፣ በሒሳብ ሠራተኛነትና በመምህርነት የሚያገለግሉ ሰዎች ነበሩ። ጠመንጃም ሆነ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ማንበብ፣ መጻፍና መሰብሰብ ነበር። በ1942 ሱዳን ከጦርነቱ በኋላ የራሷን ዕድል በራሷ እንድትወስን የሚጠይቅ ማስታወሻ ጽፈው አቀረቡ። የእንግሊዝ አስተዳደር ዋና ጸሐፊ ዳግላስ ኒውቦልድ አልቀበልም ብሎ መለሰው። ማስታወሻው ቢመለስም ሐሳቡ አልተመለሰም፤ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነፃነት ሆነ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት የባቡር ሠራተኞች ከተማ አትባራ ነች። በ1946 የአትባራ ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1947 እና በ1948 ባደረጉት አድማ ባቡሩን አቁመው መንግሥት ለማኅበራቸው ዕውቅና እንዲሰጥ አስገደዱት። በ1948ም የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ ወጣ። የምሩቃኑ ጉባኤ ሱዳንን መጠየቅ አስተማራት፤ የአትባራ ወዛደሮች ደግሞ ተደራጅቶ መጠየቅን አስተማሯት። ከነዚህ ቀጥሎ የገዚራ ጥጥ አራሾች ተደራጁ፤ በ1952 ደግሞ ሴቶች ማኅበራቸውን መሠረቱ።

ሦስተኛው ምርጫው ራሱ ነው። በ1953 መጨረሻ ሱዳን የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ምርጫ ስታካሂድ የምርጫው ኮሚሽን ሰብሳቢ ሱኩማር ሴን የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ። እኚህ ሰው ከጥቂት ጊዜ በፊት የህንድን የመጀመሪያ ጠቅላላ ምርጫ የመሩ ናቸው። ሕዝቡ አብዛኛው ፊደል ያልቆጠረ ቢሆንም ምርጫው ተከናወነ። ከ97ቱ የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች 51ዱን ብሔራዊ ኅብረት ፓርቲ አገኘ፤ መሪው ኢስማዒል አል-አዝሃሪም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1956 ጃንዋሪ 1 ቀን ሱዳን ነፃ ወጣች።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ዴሞክራሲ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። በኖቬምበር 17 ቀን 1958 ጄኔራል አቡድ ሥልጣን ያዘ። በሩን ከውስጥ የከፈተለት ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አብደላ ኸሊል እንደነበረ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ፓርቲዎቹ ዛሬ ተጣምረው ነገ ሲፋቱ፣ ነገ ተጣምረው ከነገ ወዲያ ሲካሰሱ ሕዝቡ ተሰላችቶ ስለነበረ፣ ምክር ቤቱ ሲዘጋ በሩ ላይ ቆሞ ያለቀሰለት ብዙ ሰው አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ሕዝብ በመሪዎቹ ቢሰለች አያስደንቅም። ግን በመሪዎቹ የተሰላቸ ሕዝብ ምክር ቤቱንም አብሮ ከጣለ፣ ቤቱ በትኋን ተወረረ ብሎ ቤቱን እንዳቃጠለ ሰው ይሆናል።

የአቡድ መንግሥት ፓርቲዎችን አገደ፣ የሠራተኛ ማኅበራትን በተነ፣ ጋዜጦችን ለጎመ። በ1959 ከግብፅ ጋር የዓባይን ውኃ ስምምነት ፈረመ፤ በዚህም የአስዋን ግድብ ውኃ አገራቸውን የሚያሰጥመው የዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን በአሥር ሺህ የሚቆጠሩት ያለ ፈቃዳቸው ተነቅለው እኛ በደንብ ወደምናውቀው ወደ ኸሽም አል-ጊርባ አካባቢ ተወሰዱ። በደቡብ ሱዳን ደግሞ የሰዉን ቋንቋና ሃይማኖት በግድ የመለወጥ መመሪያ ስለተከተለ፣ በ1963 አኛኛ የተባለው የትጥቅ ትግል ተፋፋመ። በ1964 መጀመሪያ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከደቡብ ተባረሩ። ጦርነቱ ግን ባሰበት እንጂ አልበረደም።

መንግሥቱ በጨነቀው ጊዜ በ1964 የደቡብን ችግር የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ፣ ሕዝቡ በጉዳዩ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ፈቀደ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህችን ጠባብ ቀዳዳ ይዘው በግልጽ መወያየት ጀመሩ። ውይይታቸውም አንድ መደምደሚያ ላይ አደረሳቸው፤ ወታደራዊው አገዛዝ ሳይነሣ የደቡብ ችግር አይፈታም የሚል። ውይይቱ ወዲያው ተከለከለ። ተማሪዎቹ ግን ኦክቶበር 21 ቀን 1964 (በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.) ማታ በግቢያቸው ተሰበሰቡ። ፖሊስ መጣ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ቀጥሎም ጥይት። አሕመድ አል-ቁረሺ ጣሃ የተባለ ተማሪ ተመትቶ ሞተ።

በማግሥቱ የቁረሺን አስከሬን የሸኘው ሕዝብ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከለቅሶ ያለፈ ነው። ዳኞችና የሕግ ባለሙያዎች ካባቸውን እንደለበሱ ተቃውሟቸውን አሰሙ። ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ የባንክና የመንግሥት ሠራተኞች በባለሙያዎች ግንባር ሥር ተሰባሰቡ። ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተጠራ፤ ባቡሩ ቆመ፣ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። ኦክቶበር 26 ቀን አቡድ የወታደሮቹን ከፍተኛ ምክር ቤት በተነ። ኦክቶበር 28 ቀን ወደ ቤተ መንግሥቱ በተጓዘው ሰልፍ ላይ ጥይት ተተኩሶ ብዙ ሰዎች ወደቁ፤ ሕዝቡ ግን አልተበተነም። ኦክቶበር 30 ቀን በመምህርነት ይታወቅ በነበረው በሲር አል-ኸቲም አል-ኸሊፋ የሚመራ የሽግግር መንግሥት ተቋቋመ። በኖቬምበር አጋማሽ አቡድ ከርዕሰ ብሔርነቱም ወረደ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ድል እንዴት ተገኘ? ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቁረሺ ቀብር ተጀምሮ በቁረሺ ቀብር ያልቅ ነበር። ዕውቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው አዳራሽ አይወጣም ነበር። ኦክቶበር የሁለቱ ጋብቻ ነው። ተማሪው ችግሩን አጥንቶ ተናገረ፤ ሕዝቡ በደሉ አንገበገበውና ተነሣ፤ ማኅበራቱ ደግሞ ቁጣውን ወደ ሥራ ለወጡት። ከአቡድ ጋር የተዋጋው ጦር የ1938ቱ ጉባኤና የ1946ቱ የአትባራ ማኅበር ያሳደጉት ልምድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ድሩ ግን የተፈተለው አንበሳው ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት ነበር።

ይህን ካየን በኋላ የድሉን ማግሥት እንመልከት። የሽግግሩ መንግሥት ለሴቶች ሙሉ የመምረጥ መብት ሰጠ። የሴቶች ማኅበር ግንባር ቀደም የነበረችው፣ "የሴት ድምፅ" የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዘ መጽሔት ታዘጋጅ የነበረችው ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም በ1965 ምርጫ ወደ ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሱዳናዊት ሆነች። የሠራተኞቹ መሪ ሻፊዕ አሕመድ አል-ሼኽ ከካቢኔው ገባ። ክሌመንት ምቦሮ የተባለው የደቡብ ሰው የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነ፤ ይህን ያህል ከፍ ያለ የሚኒስትርነት ቦታ የደቡብ ተወላጅ ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በዚህ ሚኒስትር ምክንያት የደረሰው ነገር ግን ለሁላችንም ትምህርት ነው። ምቦሮ ደቡብን ጎብኝቶ እሑድ ዲሴምበር 6 ቀን 1964 ወደ ካርቱም ሊመለስ ቀጠሮ ነበረው። በከተማዋ የሚኖሩ የደቡብ ሰዎች ሊቀበሉት ወጡ። አውሮፕላኑ ዘገየ። ከመዘግየቱ ወሬ ተወለደ፤ ሚኒስትሩን ገድለውታል የሚል። ወሬውን ማንም አላጣራም። ንዴት መንገድ ላይ ወጣ፤ ንዴትም ሌላ ንዴት ጠራ፤ ካርቱም በደቡብና በሰሜን ሰው ደም ታጠበች። ምቦሮ ግን በሕይወት ነበረ። የዘገየ አውሮፕላን ብቻ ነበር።

ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያው ከተማ፣ ያው መንገድ፣ ያው ቁጣ ነው። በኦክቶበር ቁጣው በዕውቀት ተመርቶ አምባገነን አወረደ፤ በዲሴምበር በወሬ ተነድቶ ጎረቤት ገደለ። እሳት ወጥ ይሠራል፤ ጎጆም ያቃጥላል። ልዩነቱ እሳቱ ሳይሆን ምድጃው ነው። የዜጋ ምድጃ ደግሞ "ይህን ማን አየ? ከማን ተሰማ?" ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው።

በማርች 1965 ካርቱም ውስጥ የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ ተደርጎ የሰሜንና የደቡብ መሪዎች ተገናኙ፤ ነገር ግን ስምምነት ላይ ሳይደርሱ ተለያዩ። በጁላይ 1965 በጁባና በዋው የመንግሥት ወታደሮች ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን ፈጁ። ካርቱም ለአንድ ተማሪ ሞት ባቡር ያቆመች ከተማ ነበረች። ለጁባና ለዋው ግን ባቡር አልቆመም። የኦክቶበር ውይይት የተጀመረው በደቡብ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ከድሉ በኋላ መጀመሪያ የተረሳው ደቡብ ሆነ።

የመጨረሻውን ቀዳዳ ደግሞ እንይ፤ የጀልባዋን መስጠም ያመጣው እሱ ነውና። የባለሙያዎቹ ካቢኔ በነባሮቹ ፓርቲዎች ግፊት በፌብሩዋሪ 1965 ፈረሰ። በተከተለው ምርጫ ኮሚኒስት ፓርቲው ለምሩቃን ከተመደቡት 15 መቀመጫዎች 11ዱን አገኘ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር አንድ ተማሪ በስብሰባ ላይ የነቢዩን ቤተሰብ የሚያስነቅፍ ቃል ተናገረ ተባለና ከተማው ተናወጠ። ተማሪው የፓርቲው ሰው ነው ተባለ። ምክር ቤቱም ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ፓርቲውን አገደ፤ በሕዝብ ድምፅ የገቡትን አባሎቹንም አስወጣ።

ልብ በሉ፤ ይህን ያደረገው ወታደር አይደለም። በኦክቶበር ደም የተገኘው የተመረጠ ምክር ቤት ነው። ጉዳዩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ፤ በዲሴምበር 1966 ፍርድ ቤቱ እገዳው ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ነው ብሎ ወሰነ። መንግሥት ግን ውሳኔውን አልፈጽምም አለ። በኦክቶበር ጊዜ የዳኞቹን ተቃውሞ ከመሩት አንዱ የነበረው የዳኞች አለቃ ባቢከር አወደላ፣ የፍርድ ቤት ቃል ካልተከበረ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ ብሎ በሚመስል ሁኔታ በ1967 ሥራውን ለቀቀ።

በዚያን ጊዜ የካርቱም ሕዝብ የት ነበር? ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ለሕግ ሲል የሞተው ሕዝብ ፍርድ ቤቱ ሲደፈር እንደ ኦክቶበሩ አልተነሣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተገፋው ወገን ብዙ ሰው የሚጠላው ወገን ነበር። "እነሱን ከሆነ ይገባቸዋል" ተባለ። ሕግ ግን እንደ ጣሪያ ነው፤ ጠላትህ በተኛበት ማዕዘን ብቻ የሚነቀል ጣሪያ የለም። በሜይ 25 ቀን 1969 ሌሊት ኮሎኔል ኒሜሪ መንግሥት ገለበጠ፤ ፓርቲዎችን ሁሉ፣ ያገዱትንም የታገዱትንም፣ አንድ ላይ አገደ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያው የሕግ መጣስ አንገብግቦት የለቀቀው ዳኛ ባቢከር አወደላ መሆኑ ነው። የሕግ መንገድ ሲዘጋ ሕግ አዋቂው ራሱ ከጠመንጃ ጋር ተሰለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1971፣ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረዋል ተብለው ኒሜሪ ካስገደላቸው መካከል የኦክቶበሩ ሚኒስትር ሻፊዕ አሕመድ አል-ሼኽ ነበረበት።

ይህን የሱዳኖች ጥፋት ብለን ጣት እንዳንቀስር የራሳችን ታሪክ አለ። በአዲስ አበባ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው ምክር ቤት ፊት ለፊት የተሰለፉት በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ ከካርቱሙ ኦክቶበር አራት ወር በኋላ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን አደሙ፣ የታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ፣ የሠራተኞች ማኅበር ጠቅላላ አድማ ጠራ፤ በሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ሆነው ለሃይማኖት እኩልነት ተሰለፉ። ያ የካቲት የእኛ ኦክቶበር ነበር። ግን የአትባራን ያህል ሥር የሰደደ ማኅበር፣ የምሩቃኑን ጉባኤ ያህል የቆየ የመደራጀት ልምድ አልነበረንም። ሕዝቡ ያንቀሳቀሰውን ለውጥ በሰኔ የተቋቋመው ደርግ ተረከበው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ።

ከዚያም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። በዚያች ሌሊት ደርግ 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ገደለ። የባለሥልጣናቱን ጉዳይ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ገና በሥራ ላይ ነበረ፤ ፍርድ ቤት ግን አንዳቸውም አልቀረቡም። ከሟቾቹ መካከል ሕዝቡን የበደለ ነበረ፤ ያልበደለም ነበረ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ የሚችለው ፍርድ ብቻ ነበር፤ ፍርዱም ከእነሱ ጋር ተቀበረ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ዝም አለ፤ የእጃቸውን አገኙ ያለም አልጠፋም። ከሁለት ዓመት በኋላ በቀይ ሽብር ያው ያለ ፍርድ የመግደል ሥልጣን ወደ ተማሪው፣ ወደ ወዛደሩ፣ ወደ ቀበሌው ልጅ ዞረ። ነግ በእኔ ያላለ ሕዝብ ነገ ሲመጣበት የሚጠራው ሕግ ያጣል።

"ዝም አይነቅዝም" የሚል አባባል አለን። በቤተሰብ ጠብ መካከል ጥሩ ምክር ይሆናል። በአገር ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ መጀመሪያ ዝም ያለውን ሰው ሳይሆን ዝም የተባለበትን ሕግ ይበላዋል፤ ቀጥሎ ወደ ሰውየው ይመጣል።

እንግዲህ ዴሞክራሲ የሚፈልገው ዜጋ ምን ዓይነት ነው? ሁለት ነገር በአንድ ልብ የያዘ ነው። አንደኛው ስሜት ነው፤ የሌላው መበደል የሚያንገበግበው፣ አድማ ሲጠራ ደመወዜ ይቀራል ሳይል የሚቆም ልብ ነው። ሁለተኛው ዕውቀት ነው። ዕውቀት ስንል የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ማለታችን አይደለም። የአትባራ ሠራተኞች ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ዕውቀት ማለት ሕጉ ምን እንደሚል መጠየቅ፣ ወሬን ከነገር መለየት፣ ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ መከታተል፣ ጎረቤቱ በምን ቋንቋ እንደሚያለቅስ መረዳት፣ ከሁሉም በላይ ለወዳጅ የሚፈለገውን ፍርድ ለጠላትም መፈለግ ነው። ስሜት ያለ ዕውቀት የዲሴምበር 6ቱን እሑድ ይወልዳል። ዕውቀት ያለ ስሜት ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሲደፈር ቤቱ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

በአገራችን ሁለቱ ሊገናኙ የቀረቡበት ጊዜ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሰዉ በየቤቱና በየሻይ ቤቱ የፓርቲዎችን ክርክር በራዲዮና በቴሌቪዥን ተከታተለ፤ ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ፌዴራል አወቃቀር ገበሬው ሳይቀር ተከራከረ። ግንቦት 7 ቀን ከንጋት በፊት ጀምሮ ረጅም ሰልፍ ይዞ ድምፁን ሰጠ። ከዚያ በተከተለው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተሰየመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ። ሆኖም የዚያ ዓመት ክርክር ያስተማረውን ማንም መልሶ ሊወስደው አልቻለም፤ ገበሬና ሚኒስትር በአንድ ጉዳይ እኩል ሊከራከሩ እንደሚችሉ ሕዝቡ በጆሮው ሰምቷልና።

ወደ ካርቱም እንመለስ። በሴፕቴምበር 1983 ኒሜሪ የሸሪዓ ሕጎችን አወጀ፤ በጃንዋሪ 18 ቀን 1985 ሕጎቹን የተቃወሙትን አዛውንት የሃይማኖት ሊቅ መሐሙድ መሐመድ ጣሃን ሰቀለ። በማርች መጨረሻ በዳቦና በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ሕዝብ ተነሣ፤ የባለሙያዎች ማኅበራት እንደ 1964ቱ አድማ ጠሩ፤ ኤፕሪል 6 ቀን 1985 ኒሜሪ ውጭ አገር እንዳለ ወረደ። በጁን 30 ቀን 1989 ግን ዑመር አል-በሺር የተመረጠውን መንግሥት ገለበጠ። በዲሴምበር 19 ቀን 2018 ደግሞ በዚያችው በአትባራ በዓይሽ ዋጋ የተነሣ ቁጣ ተቀጣጥሎ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ሕዝቡ የጦሩን ዋና መምሪያ ከበበ፤ ኤፕሪል 11 ቀን በሺር ወረደ። ጁን 3 ቀን በሰፈሩት ሰዎች ላይ እልቂት ደረሰ፤ ሕዝቡ ግን በዚያው ወር መጨረሻ በብዙ መቶ ሺህ ተመልሶ ወጣ።

በዚህ በሦስተኛው ጊዜ ከቀድሞው የተለየ ነገር ነበረ። በየሰፈሩ የተቋቋሙት የተቃውሞ ኮሚቴዎች ሰልፍ ከመጥራት አልፈው ሰፈራቸውን ማወቅ ሥራቸው አደረጉ፤ ዱቄት ስንት መጣ፣ ለማን ታደለ እያሉ ይቆጣጠሩ ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ወታደሮቹ እንደገና ሥልጣኑን ጠቅልለው ሲወስዱ ኮሚቴዎቹ በመቃወም ብቻ አልቆሙም፤ አገሪቱ እንዴት ትተዳደር የሚል ቻርተር በየሰፈሩ ተወያይተው ጻፉ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦሩና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እርስ በርስ ሲዋጉ ካርቱም ፈረሰች፤ ሚኒስቴሩም፣ ሆስፒታሉም፣ ባንኩም ተዘጋ። ያን ጊዜ የነዚያው ኮሚቴዎች ልጆች የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች አቋቁመው፣ ተካያ የሚባሉ የጋራ ማዕድ ቤቶችን ከፍተው፣ በሰፈር የቀረውን ሰው መገቡ። መንግሥት በጠፋበት ቦታ ዜግነት አልጠፋም። ይህም የሆነው ዜግነትን አስቀድመው ስለተለማመዱት ነው።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ይመለከተናል የሚል ይኖራል። ስደተኛ ድምፅ የማይሰጥ፣ ምክር ቤት የሌለው፣ በሰው አገር ጥላ ሥር የተቀመጠ ነው ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን የምሩቃኑ ጉባኤም በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የተቀመጠ፣ ድምፅ የሌለው፣ ማስታወሻው የተመለሰበት ነበር። ዜግነትን የሚጀምረው ምርጫ አይደለም፤ ምርጫ የሚያገኘው አስቀድሞ የተጀመረውን ዜግነት ነው። ቦኖ ውኃ አጠገብ ወሬ ሲነሣ "ማን አየ?" ብላ የምትጠይቅ እናት የዲሴምበሩን እሑድ ታስቀራለች። የተለጠፈ ማስታወቂያን ማንበብ ለማይችል ጎረቤቱ የሚያነብ ልጅ ያ የአትባራ ሠራተኛ ነው። ተወካይ ስንመርጥ ከየት አገር ነው፣ ከማን ወገን ነው ከማለት ምን ሠራ ብለን ብንጠይቅ የ1953ቱን ሣጥን እንደገና አቆምን ማለት ነው። የማንወደው ሰው ከዝርዝር ስሙ ሲሰረዝ "ለምን?" ብለን ስንቆምለት ደግሞ በ1966 ያ ፍርድ ቤት ያጣውን ምስክር ሆንን።

አገራችን የምንገባበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ይዘን የምንገባው ምን እንደሆነ የሚወሰነው በዚያ ቀን ሳይሆን ዛሬ ነው። ካርቱም ሦስት ጊዜ ሆ ብላ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ተቀምታለች፤ የተቀማችውም መነሣት ስለማታውቅ ሳይሆን፣ ከተነሣች በኋላ ለሚጠሉት ሰው ጭምር ሕጉን የሚጠብቅ ሰው ስላነሰ ነው። እኛም የተነሣንባቸው ቀኖች አሉን፤ የሚያኮሩ ናቸው። የሚጎድለን የመጠበቂያው ቀን ነው፤ እሱም ጡሩንባ የሌለው፣ በየቀኑ የሚመጣ ተራ ቀን ነው።